ዛፍ የተከፈተበት ጠዋት

ያንን ጥድ የተከሉት አያቴ ናቸው፤ አባቴ ገና ሳይወለዱ። ከጓሯችን፣ ከድንጋዩ ካብ ጥግ ቆሞ ንፋሱን ይመክትልን ነበር። መንዝ ድንጋይ ሞልቷል፣ ንፋስ ሞልቷል፤ ዛፍ ግን ሰው ካልተከለው የለም። ስለዚህ ዛፍ ያለው ሰው ዛፉን እንደ ከብቱ ያውቀዋል። በረዶ የትኛውን ቅርንጫፍ በየትኛው ክረምት እንደሰበረው ይነግራችኋል። አያቴ ችግኙን ሲተክሉ “ይህ የሚቀጥለው ምሰሶ ነው” ብለው ነበር አሉ። የቤታችን ምሰሶ ሲያረጅ ይተካዋል ማለታቸው ነው።

ምሰሶው ያረጀው ጣሊያን ሞላሌ ገብቶ ምሽግ ከሠራ በኋላ ነው። የሚያረጅበትን ጊዜ አልመረጠም።

እኔ ያን ጊዜ አሥራ ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው። አግብቼ፣ ፈትቼ፣ እናቴ ቤት ተመልሼ ነበር። ባሌን የፈታሁት ከገበያ የሚያመጣውን ጨው ለእናቱ ሁለት፣ ለእኔ አንድ እያደረገ ስለሚያካፍል ነው። ለጨው ብላ ባል ፈታች ብለው የሳቁብኝ ብዙ ነበሩ። እኔ ግን ነገሩን እንደ ጨው አላየሁትም። አንደኛው አጎቴ ቄስ ስለነበሩ ፊደል ቆጥሬ፣ መልእክተ ዮሐንስ ጨርሼ፣ ዳዊት ጀምሬ ነበር። ማንበብ እችላለሁ፤ መጻፍ ግን እጄ አልለመደም። ይህንንም የምጽፈው እያዘገምኩ ነው።

አባቴ ዱር ገብተው ጣሊያንን ይወጉ ነበር። የት እንዳሉ አናውቅም፤ ብናውቅም አንናገርም። ቤት ውስጥ የቀረነው እናቴና እኔ ብቻ ነን።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ አንድ ጠዋት ገብስ እየፈተግን ሳለ ከላያችን አንድ ነገር ቋ አለ። ቀና ስንል ምሰሶው ከመሃሉ እስከ አናቱ ተሰንጥቋል። እናቴ አልጮኸችም። ወጥታ የአባቴን ሞፈር አመጣችና ጣራውን ከሥር ደገፈችበት።

“ሞፈር ለእርሻ እንጂ ለጣራ አልተሠራም” አለችኝ። “እስከ ሰኔ ይይዝልን ይሆናል። ክረምት ገብቶ ክዳኑ ውኃ ሲጠጣና ሲከብድ ግን አይችለውም።”

በደህናው ዘመን ቢሆን ነገሩ ቀላል ነበር። ጎረቤት ይጠራል፣ ጠላ ይጠመቃል፣ ጥዱ ይወድቃል፣ በማግስቱ ምሰሶ ይቆማል። ያን ዓመት ግን ሞላሌ ገበያ ላይ አዋጅ ተነግሮ ነበር፤ የቁም ዛፍ ያለ ወረቀት የቆረጠ ቤቱ ይቃጠላል ተባለ። ዛፋችሁ እንዳያልቅባችሁ አስበንላችሁ ነው አሉ። እነሱ ለምሽጋቸው ከየጓሯችን ሲቆርጡ የከረሙት በየትኛው ወረቀት እንደሆነ ግን ማንም አልነገረንም።

ሞላሌ ሄድኩ። ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ከሰው ጋር ተሰልፌ ተራዬ ደረሰ። የተቀመጠው አስተርጓሚው ነው፤ ከሌላ አገር የመጣ፣ ጫማ ያደረገ፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው።

“ምን ፈልገሽ ነው?”

“አንድ ጥድ ለመቁረጥ። ለምሰሶ።”

“ጥዱ የማን ነው?”

“የቤታችን።”

“ቤት ዛፍ የለውም። ባለቤቱ ማን ነው?”

“አባቴ።”

“ይምጣና አውራ ጣቱን ይጫን።”

“አገር የሉም። ለንግድ ወጥተዋል።”

“ወዴት?”

“ነጋዴ የሚሄድበትን ለሴት ልጁ ይነግራል?”

ከኋላዬ የተሰለፈች ሴት ሳቀች። እሱ አልሳቀም። “በሩ ላይ ተለጥፏል፤ የሚያነብልሽ ሰው ፈልጊ” አለኝ። ዞሬ ጮክ ብዬ አነበብኩት፤ የዛፉ ባለቤት ራሱ በአካል ቀርቦ ጣቱን ካልጫነ ፈቃድ አይሰጥም ይላል። አስተርጓሚው ቀና ብሎ አየኝ። “እንግዲያው አውቀሽዋል” አለኝና የሚቀጥለውን ጠራ።

መንገድ ላይ ነው የገባኝ። በደብራችን የግማሹ ቤት ወንድ ዱር ነው። ምሰሶ የማይሰነጠቅበት፣ ሞፈር የማይሰበርበት ቤት የለም። አንድ ቀን እያንዳንዷ ሚስት ያንን ወረቀት ፈልጋ ትመጣለች፤ ባልሽ ይምጣ ትባላለች። ወረቀቱ የዛፍ ወረቀት አልነበረም። ወጥመድ ነበር፤ ዛፉ ወጥመዱ ላይ የተቀመጠው ሥጋ ነው።

በዚያው ሰሞን አክስቴ፣ የእናቴ እህት፣ ከዘመሮ ልትጠይቀን መጣች። ሞፈሩን ከጣራው ሥር ቆሞ ስታይ ደነገጠች።

“ለምን አታስቆርጡትም ያንን ጥድ?”

“ባለቤቱ ካልመጣ አይሆንም ብለዋል” አለች እናቴ።

“እኛ ዘንድ ሴቷ ራሷ ትጠይቃለች። ሁለት ሽማግሌ ዛፉ የቤቷ ነው ብሎ ይምልላታል፤ በቃ ወረቀቱን ይሰጧታል።”

“ዘመሮ ያለው ጣሊያን ሌላ ነው እንዴ?”

“ያው ነው። የኛው ሹም ምናልባት እናት ይኖረው ይሆናል።”

እናቴ ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ያ ጨው ትዝ አለኝ። በሳምንቱ ለዘመሮ ገበያ ወጣሁ። ከኛ ቤት ዘመሮም ሞላሌም እኩል የግማሽ ቀን መንገድ ነው። አክስቴ ያለችው እውነት ነበር፤ በጽሕፈት ቤታቸው በር ላይ ተለጥፏል። መልእክት እንደተማርኩበት አድርጌ ሦስቴ አነበብኩት፣ ዓይኔን ጨፍኜ ደገምኩት፣ ቃሉ አንድም ሳይቀር በቃሌ ያዝኩት። ከዚያ ጸሐፊውን ለኛ ጥድ ወረቀት ይሰጠኝ እንደሆነ ጠየቅሁት።

“ከወንዙ ወዲህ ነው ወይስ ወዲያ?”

“ወዲያ።”

“ወዲያማ የሞላሌ ነው።”

ያ ወንዝ በበጋ በአንድ እርምጃ የሚሻገሩት ነው። ቀሚሴን ሳልሰበስብ ተሻገርኩትና ሞላሌ ተመልሼ ሄድኩ። አስተርጓሚው ፊት ቆሜ የዘመሮን ወረቀት ከላይ እስከ ታች በቃሌ አነበነብኩለት። ሳያቋርጠኝ ሰማ።

“የዘመሮ ሕግ ለዘመሮ ነው” አለኝ ስጨርስ።

“ዝናቡስ?”

“የምን ዝናብ?”

“ወንዙ ጋ ሲደርስ ይመለሳል? በነሱም ጣራ በኛም ጣራ ላይ የሚዘንበው አንድ ዝናብ ነው። አንድ መንግሥት ነን ትላላችሁ። ታዲያ አንድ ዛፍ በአንድ እርምጃ ልዩነት ሁለት ሕግ የሚኖረው ለምንድን ነው?”

ግራ ቀኝ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ስሚኝ እህቴ። እዚህ የሚፈለገው ዛፍ አይደለም። አባትሽ ከመጣ እኔው ራሴ እጽፍልሻለሁ። ካልመጣም የቤታችሁን መውደቅ ይሰማል፤ ያን ጊዜ ይመጣል።”

ይህ ሰው እየመከረኝ ነበር ወይስ እያስፈራራኝ፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። የተናገረው ግን እውነት ሆነ። ጥቂት ቀን ቆይቶ አንድ ሸማኔ ቤታችን ገባ። ሸማኔ በየአገሩ ስለሚዞር መልእክት ያደርሳል። የእናቴን ጋቢ የሚለካ መስሎ፣ “ጌታዬ ሰምተዋል” አላት። “ለሐዋርያት ጾም መግቢያ ሞላሌ እገባለሁ፤ ጣራው በልጄና በሚስቴ ላይ ከሚወድቅ የኔ አንገት ይውደቅ ብለዋል።”

እናቴ ምሰሶውን ተደግፋ ተቀመጠች። “ማን ነገራቸው?”

“ወሬ እግር አለው፣ እመቤቴ።”

አባቴ ሞላሌ ከገቡ እንደማይወጡ ሁላችንም እናውቃለን። ከእሳቸው በፊት የገቡት አልወጡም። ጾሙ ሊገባ የቀረው ሦስት ሳምንት ነው። በዚያ ሦስት ሳምንት ውስጥ ምሰሶ ካልቆመ ለአንድ ጥድ ብለን አባቴን ልንሰጥ ነው።

በስውር እንቁረጠው ብዬ ነበር። እናቴ፣ “ዛፍ ይደበቃል፤ ጉቶው ግን አይደበቅም” አለችኝ። እውነቷን ነው። ጉቶውን ነቅለው ቢወስዱት እንኳ ጉድጓዱ ይናገራል።

ያን ለት ሌሎች ሕጎችን አሰብኩ፤ እኛ የምናውቃቸውን። ጓሳን አሰብኩ። ጓሳ የሰፊ ሜዳ ስም ነው፤ ክዳናችን ከዚያ ይመጣል። ሦስት አራት ዓመት ይዘጋል፤ ያን ጊዜ አንድ እፍኝ ሣር ያጨደ፣ አንድ በግ ያሰማራ ይቀጣል፤ የጌታ ልጅም ቢሆን አይማርም። የሚከፈትበትን ቀን የሚቆርጡት በደብሩ የተመረጡት ሽማግሌ ናቸው፤ የጓሳ አባት እንላቸዋለን። ሲከፈት ለሁሉም በአንድ ቀን ይከፈታል። ማንም ቀድሞ አይገባም፣ ማንም አይከለከልም። ከመጻሕፍት ውጭ እንደዚህ ትክክል የሆነ ሕግ አላየሁም።

የጓሳው አባት ዘንድ ሄድኩ። በራቸው ላይ ተቀምጠው የበግ ለምድ ያለፋሉ።

“አባቴ፣ የጓሳ ሣር የማን ነው?”

“የሁላችን ነዋ። ይህን ልትጠይቂ ነው ዳገቱን የወጣሽው?”

“ዛፍስ?”

“ዛፍማ የተከለው ነው። ዛፍና ሣር ምን አገናኛቸው?”

“የተከለው እንዳይቆርጠው ከተከለከለ የሱ አይደለም እንግዲህ። ጣሊያን ከየጓሯችን ወስዶ የጋራ አድርጎታል። የጋራ ከሆነ ደግሞ እርስዎ ይክፈቱት።”

ለምዱን ማልፋት ተዉና አዩኝ። “በአባቶቻችን ዘመን ዛፍ ተከፍቶ አያውቅም።”

“በአባቶቻችን ዘመን የዛፍ ወረቀት ነበር?”

ለምዱን አጣጥፈው አስቀመጡ። ከዚያ፣ “ባልሽ እድለኛ ነው፤ በጨው ብቻ ተገላገለ” አሉኝ። እሺ ማለታቸው ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ላይ ሰው ሁሉ ባለበት ነገሩን አነሱት። ሥርዓቱን እሳቸው ተናገሩ። ለአንድ ቤት አንድ ዛፍ። የቤተ ክርስቲያኑ ዛፍና የምንጩ ዛፍ አይነካም። ማንም የገዛ ዛፉን አይቆርጥም፤ ዕጣ ተጥሎ የሌላውን ይቆርጣል፣ ለባለቤቱም ያስረክባል። ማን የማንን እንደቆረጠ አይነገርም።

“ምሰሶው ደህና የሆነስ?” አለ አንዱ።

“እሱም ይቆረጥለታል። የማያስፈልገው ከቀረ ያስፈለገው ይታወቃል።”

የተቃወሙ አንድ ሰው ነበሩ። ጎረቤታችን ናቸው፤ ከአባቴ ጋር በድንበር ሲካሰሱ የኖሩ። “እኔ ከቤቴ ነኝ፣ ጣቴም አለችኝ” አሉ። “ሄጄ ጣቴን እጫናለሁ፣ ወረቀቴን እወስዳለሁ። ለምን ብዬ ከናንተ ጋር ቤቴን አቃጥላለሁ?”

“ጣትዎን ሲጭኑ ጎረቤትዎ የት ነው ብለው ይጠይቁዎታል” አልኩ። “ምን ይሏቸዋል?”

“ይህች በጨው ባሏን የፈታችዋ አይደለችም?”

“ነኝ። እርስዎም ቢያገቡኝ በዛፍ እፈታዎት ነበር።”

ሰንበቴው በሳቅ ተነሣ፤ እሳቸውም ጭምር ሳቁ። ሲያበቁ ጽዋቸውን አስቀመጡና፣ “ከተካሰስኩት ሰው ጋር እወግናለሁ እንጂ ከጣሊያን ጋር አልወግንም” ብለው እጃቸውን ዕጣው ወደተጣለበት የእንጨት ቆሪ ሰደዱ።

በነጋታው ሰኞ፣ ልክ ጓሳ እንደሚከፈትበት ቀን፣ የጓሳው አባት ጉብታው ላይ ቆመው ቀንድ ነፉ። ከዚያ በየጓሮው ምሳር ይሰማ ጀመር። አንድ ምሳር ሲሰማ ሌባ ይመስላል፤ ሁሉም ምሳር ባንድ ላይ ሲሰማ ግን ሥራ ይመስላል።

የኛን ጥድ በዕጣ ያገኙት እኚያው ጎረቤታችን ሆኑ። ያለ ሰላምታ ገቡ። ጥዱን ዞረው አዩት፣ ግንዱን በመዳፋቸው መቱት።

“ወዴት ልጣለው?” አሉ፣ እኔን ሳያዩ።

“ካቡን እንዳይነካ።”

“ካቡ የማን ነው?”

“ዛሬም ይከሳሉ?”

የጥዱ አናት ላይ ጠፍር አስረው፣ ግንዱን ከሁለት በኩል ቆርጠው፣ ከካቡ አንድ ድንጋይ ሳይነቀል በባዶው በኩል አጋደሙት። ቅርፊቱንም ልጠው፣ አንጓውን አስተካክለው ነው የሄዱት። ጠላ ብንሰጣቸው፣ “ባለቤቱ ሲመጣ እጠጣለሁ” አሉ።

ቀኑ ግን ያለ እንከን አልዋለም። የእናቴ ታናሽ ወንድም በዕጣ ከደረሰው ሌላ አንድ ባሕር ዛፍ ለራሱ ጨምሮ ቆርጦ ተገኘ። ዘመድ ነው ዝም በይ አሉኝ። ዝም አላልኩም። ዘመድ ስለሆነማ ይብሳል። ዛፉን በትከሻው አሸክሜ፣ ወንድ ልጅ ለሌላት መበለት አደረስኩላት። ሁለት ዓመት አኮረፈኝ።

ከመምሸቱ በፊት ምሰሷችን ቆመ። እናቴ ሞፈሩን አውጥታ ጠረገችና ወደ ቦታው መለሰችው። ጋቢውን ሲሠራ የሰነበተው ሸማኔ በማግስቱ ሊሄድ ሲል ጥድ ጥድ የሚሸት አንድ ፍልጥ ሰጠችው። “ይህን ለሳቸው ስጥልኝ። ምሰሶ ቆሟል፣ ከነበሩበት እንዳይነቃነቁ በልልኝ” አለችው።

በሦስተኛው ቀን መጡ። አንድ ፈረንጅ ሹም በበቅሎ፣ አስተርጓሚው በእግሩ፣ ከኋላቸው ባንዳዎች። ከጉቶ ወደ ጉቶ እየሄዱ ኖሮ እኛ ጓሮ ሲደርሱ ላብ በላብ ሆነዋል።

“ይህን ማን ቆረጠው?” አለ አስተርጓሚው።

“እኔ አልቆረጥኩም” አለች እናቴ።

“እስካሁን ያየሁት ሰው ሁሉ እኔ አልቆረጥኩም ነው የሚለው። አንቺስ የማንን ቆረጥሽ?”

“ጓሳ ተከፍቶ የማንን ሣር አጨድሽ ተብሎ ይጠየቃል?”

ፈረንጁ ጠየቀው፤ አስተርጓሚው ብዙ አወራለት። ያን ጊዜ አፌን መያዝ አልቻልኩም። ወደ በቅሎዋ ተጠግቼ የዘመሮን ወረቀት አነበነብኩ። ከላይ እስከ ታች፣ ዳዊት እንደሚደገም። ፈረንጁ ይህች ምን ትላለች ሳይለው አልቀረም። አስተርጓሚው ትንሽ አመነታ፣ ከዚያ ተረጎመለት። ፈረንጁ ከኪሱ ደብተር አውጥቶ ጻፈ።

“ምን አለ?” አልኩት።

“ዘመሮ ተሳስቷል አለ” አለኝ አስተርጓሚው። ዓይኔን አላየኝም።

የሁሉንም ቤት ቢያቃጥሉ የሚገብር እንደማይኖራቸው አውቀዋል። ከየቤቱ አንድ በግ ወሰዱ። በግ ላልነበራት ለዚያች መበለት ዛፍ የጨመረው አጎቴ እንዲከፍልላት አደረግሁ። የጓሳውን አባት ግን አስረው ይዘዋቸው ሄዱ። ከወር በላይ ቆይተው ሲመለሱ ሳል ይዟቸው፣ ጢማቸውም ተላጭቶ ነበር። እግራቸው ላይ ወድቄ አለቀስኩ። “ተነሺ” አሉኝ። “ጢም እንደ ጓሳ ነው፤ ከተዘጋ ያድጋል።” ሳሉ ግን አልለቀቃቸውም።

ከፍልሰታ በፊት አክስቴ በዝናብ ከዘመሮ መጣች። ደጃፉ ላይ ቆማ አልገባም አለች።

“ወረቀቱን ቀየሩት” አለችኝ። “ባለቤቱ ራሱ ይምጣ ሆኗል፤ እንደናንተው። እኩል ይሁን ብለሽ ጮኸሽ፣ ይኸውልሽ እኩል አደረጉት።”

እናቴ ልትመልስላት ስትነሣ ያዝኳት። እኔ ሕጉ አንድ ይሁን ስል ሰው ከወጥመድ እንዲወጣ ነበር፤ እነሱ የሰሙት ወጥመዱ አንድ ይሁን ነው። እንደገና ቢሆን ዝም እል ነበር ወይ ብዬ ስንት ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ዝም አልልም። ጥፋቴ መናገሬ አይደለም፤ ለዘመሮ ሰዎች ሳልናገር ለፈረንጁ ቀድሜ መናገሬ ነው።

ስለዚህ ሄድኩ። ወንዙ ሞልቶ ስለነበር ዞሬ በድልድዩ አለፍኩ። ዘመሮ ሰንበቴ ላይ ቆሜ፣ “ወረቀቱን ያስቀየርኩባችሁ እኔ ነኝ” አልኩ። አንዱ ሽማግሌ ምራቁን ተፋ፤ ይገባኛል። ከዚያ እኛ እንዴት እንደከፈትነው ከዕጣው እስከ ቀንዱ ነገርኳቸው። ማንም አላመሰገነኝም። መስቀል ካለፈ በኋላ ግን አክስቴ በመንገደኛ አንዲት ቃል ላከችልኝ፤ “ተከፈተ” የምትል።

ጣሊያን ሲወጣ አባቴ ተመለሱ። ጎንበስ ብለው ገቡ፣ ዓይናቸው ጨለማውን እስኪለምድ ምሰሶውን ይዘው ቆሙ። እጃቸውን ከታች ወደ ላይ አሻሹት።

“ይህን የጣለው ማን ነው? እጁ የተባረከ ነው።”

እናቴ ነገረቻቸው። አባቴ እጃቸውን ከምሰሶው ላይ አነሡ፣ ተቀመጡና፣ “ካቡንስ ነካው?” አሉ።

“አልነኩም” አልኩ።

ጎረቤታችን በማግስቱ መጥተው ያቺን ጠላ ጠጡ። በድንበሩ ግን አልተስማሙም፤ እስኪሞቱ አልተስማሙም። ይሁንና ከጉቶው አጠገብ አዲስ ጥድ ሲተከል ጉድጓዱን የቆፈሩት ሁለቱ ናቸው፤ እየተጨቃጨቁ።

ያ ጥድ ዛሬ ለምሰሶ ደርሷል። ለመቁረጥ ወረቀት ያስፈልጋል ይሉኛል። ጥሩ ነው፣ ወረቀቱን እጠይቃለሁ። መጀመሪያ ግን ዘመሮ ሄጄ እነሱ በር ላይ የተለጠፈውን አነባለሁ። ያነበብኩትን ከሹም በፊት ለማን እንደምነግርም አሁን አውቃለሁ።